ጣሪያው ምን በደለ

ጠጋ በሉ! አንተ ሬዲዮኑን ዝጋ፤ አንቺም ሳቅሽን ዋጥ አድርጊ። እኔ ሳወራ የሚያስል ሰው እንኳ አልወድም። እህቴ አያልነሽ ጥያቄ ጠይቃኛለችና ሁላችሁም ትሰማላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ውድነሽ አልጋ ላይ በተገላበጠች ቁጥር ቤቱ እየዞረባት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ በቅሏል ብላ ልትናዘዝ ምንም አልቀራትም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ አስተኝታ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወዲህና ወዲያ አዞረችላት። «ጆሮሽ ውስጥ አሸዋ የምታክል ነገር ቦታዋን ስታ ነው» አለቻት። ይኸው እየሳቀች በእግሯ መጣች፣ ተመስገን! አሁን ደግሞ እናቲቱ ትራሷን አቅፋ ተጋድማ፣ «እኔንም ያዞረኛል። ማዞር ያው ማዞር ነው። እንዳየኸው አድርገህ አንገቴን አዙርልኝ፤ ለምን ጤና ጣቢያ እንንከራተታለን?» ትለኛለች። እኔ! ከዶሮ አንገት በቀር የማን አንገት አዙሬ አውቃለሁ?

ስሚ እንግዲህ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። የቤቱ ወለል ውሃ እያቆረ አስቸገረው። ልጆቹ የሚተኙበት መደብ ረጠበ፤ የግድግዳው እግር መላሸቅ ጀመረ። ቤቱ ልጆቼ ላይ ሊወድቅ ነው ብሎ እንቅልፍ አጣ። ጎረቤቱ ደግሞ አምና ወለሉ ረጥቦበት፣ ጣሪያውን አፍርሶ በአዲስ ሳር ሲከድነው ደርቆለታል። «ውሃ ያው ውሃ ነው፤ አንተም አፍርሰው» አለው። ገበሬው ደቦ ጠራ። ሚስቲቱ ጠላ ጠመቀች፣ ንፍሮ ቀቀለች። ሰዎቹ መሰላል አቁመው ወጡና ሳሩን ይነቅሉት ጀመር። ሰማዩ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ጠቁሯል።

ከደቦው መሃል አንድ ሰነፍ ነበር፤ ላለመውጣት ብሎ «እኔ መሰላሉን እይዛለሁ» ያለ። ቆሞ ሲሰለቸው ሚስቲቱን ጠየቃት።

«እቴ፣ ውሃው የሚመጣው ዝናብ ሲጥል ነው?»

«ኧረ ሳይጥልም! ሰማዩ ጠርቶም ረጥበን ነው የምናድረው።»

«ታዲያ ጣሪያው ምን በደለ?» አለና መሰላሉን ለቆ ገባ። ላይ ያሉት ጮኹበት፤ አልሰማም። ጥጉ ላይ የውሃ ጋን ቆሟል። ዘንበል አድርጎ እጁን ከሥሩ ሰደደ። ቂጡ ተሰንጥቋል።

ዝናቡ ሳይደርስ ጣሪያውን በነቀሉት ሳር መልሰው ከደኑት። ጋኑን አወጡት፤ ወለሉ ደረቀ። ሰዎቹም «ለአንድ ጋን ነው እንዴ አገር የጠራኸው?» እያሉ ጠላውን እስከ አተላው ጨለጡለት። ከሁሉ በላይ የሳቀው ግን ገበሬው ነው። ቤቱ ቆሞለታላ!

እንግዲህ አያል፣ የረጠበው ወለል ማዞርሽ ነው። የጎረቤቱ ጣሪያ ደግሞ የልጅሽ ጆሮ። ውድነሽን የሚያዞራት ስትገላበጥ ነበር። አንቺ ግን ተኝተሽ ምንም አይልሽም፤ ብድግ ስትዪ ነው ዓይንሽ የሚጨልመው። «ማዞር አባቱ ብዙ ነው» አለችን ሐኪሟ። ደም ያነሰውን ያዞረዋል፣ ጭንቀት የያዘውን ያዞረዋል፣ የሚውጠው መድኃኒት ያልተስማማውንም ያዞረዋል። አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለበት፣ ምላሱ የተሳሰረ ካለማ ለአፍታ አይቀመጥም፣ ይዛችሁት ሩጡ ብላናለች። አንቺ የደም ብዛት ክኒን ትውጫለሽ፤ ጾም ነው ብለሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምሺም። ስንጥቁ የት እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? አራተኛ ክፍልን ሁለቴ የወደቅሁ ሰው ነኝ! ልጅሽ ላይ የሠራ ሁሉ አንቺ ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ቀሚሷንም ልበሺውና ልይሽ። ደግሞ እኮ ጠይቆ ስንጥቁን የሚያገኝ ሐኪም እያለ፣ የኔን እጅ አምነሽ አንገትሽን...

«አንገቴን አዙርልኝ አልኩህ እንጂ ነዝንዘኝ አልኩህ?» አለችኝ አያልነሽ ትራሷን እየወረወረችብኝ። «ተነስ፣ ጫማህን አድርግና ውሰደኝ!»