ለተልባ አበባ የተንበረከከው ካሜራ

ተረት ይዣለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። ካሜራ እንዴት በእግሩ ይሄዳል ብሎ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን ከአሁኑ ወጥቶ ውጭ ይጫወት።

ድሮ ድሮ፣ ካሜራ በገዛ ሦስት እግሩ በሚሄድበት ዘመን፣ አንድ የፎቶ ቤት ካሜራ ነበር። ሥራው ሙሽሮችን ማንሳት ነው። ቀና በሉ ሲላቸው ቀና ይላሉ፤ ሳቁ ሲላቸው ይስቃሉ፤ አትንቀሳቀሱ ሲላቸው እስከነሚዜዎቻቸው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። የሚታዘዘው ስለበዛ ልቡ አብጦ ነበር።

አንድ ቀን ሙሽራ ሰለቸውና አበባ አነሳለሁ ብሎ በማለዳ ወደ ገጠር ወጣ። አበባ አንስቶ አያውቅም። ሙሽራ ያነሳ አበባ ያቅተዋል እንዴ አለ ለራሱ። ቋ ቋ ቋ እያለ ሄዶ አንድ የተልባ ማሳ ደረሰ። ከማሳው ዳር አንዲት ሰማያዊ አበባ ጠራችው።

«ጋሼ ካሜራ፣» አለችው፣ «እኔ ዛሬ ጠዋት ፈክቼ ከቀትር በፊት የምረግፍ ነኝ። ይቺ አጠገቤ ያለችው እምቡጥ እህቴ ናት፤ የምትፈካው ነገ ነው። ሳንተያይ መቅረታችን ነው። እባክዎ አንድ ፎቶ ያንሱኝና ነገ ያሳዩልኝ።»

ካሜራው ይቺማ ምን አላት ብሎ ተጠጋ። ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ መስተዋቱ አበባዋን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ቀጭ። ጀርባው ላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን የታየው ግን የተደፋ ሰማያዊ ቀለም ነው። ተንቀሳቅሰሽ ነው ብሎ ተቆጣት። አበባዋ ንቅንቅ እንዳላለች ነገረችው፤ ዓይን በጣም የቀረበውን ነገር አጥርቶ ስለማያይ ስንዝር ያህል ራቅ ቢል እንደሚሻልም ጨመረችለት።

ስንዝር ያህል ራቀ። ሦስት እግሩን ዘርግቶ ቆመና ቀና በይ አላት። ምስኪኗ አንገቷን እስኪያማት ቀና አለች። ቀጭ። አሁን ደግሞ ሣር ውስጥ የወደቀች የሸሚዝ ቁልፍ መሰለች።

«ከላይ ሆነው ስለሚያዩኝ እኮ ነው፣» አለችው። «ጎንበስ ይበሉልኝ።»

ካሜራው ለሙሽራ አባት እንኳ ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ የሚያየው ሰው የለም። እያጉረመረመ እግሮቹን አጠፈና ከእሷ እኩል ሆነ። ጉልበቱ ጭቃ ነካ።

ሊያነሳት ሲል ነፋስ መጣ። አበባዋን ወዲህ አላት፣ ወዲያ አላት። ቀጭ። አንዷ አበባ ፎቶው ላይ ሦስት ሆና ተነባብራ ወጣች። ካሜራው ተናዶ ነፋሱን አትንቀሳቀስ ብሎ አዘዘው።

«እኔ ሙሽራ መሰልኩህ እንዴ?» አለና ነፋሱ ጨምሮ ነፈሰ።

ካሜራው ሲያዝዝ ሲቆጣ፣ ሲያዝዝ ሲቆጣ፣ ፀሐይ ከፍ አለች። ከአበባዋ አምስት ቅጠሎች አንዱ ረገፈ።

ያኔ ደነገጠ። አፉን ዘጋ። ነፋስም ቢሆን ትንፋሽ የሚሰበስብባት ቅጽበት አለችው፤ እሷን ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ማሳው ጸጥ ሲል እሱም ትንፋሹን ዋጠ። ቀጭ። አበባዋ ስክሪኑን አይታ፣ «አዎ፣ ይቺ እኔ ነኝ፣» አለች። ወዲያው የቀሩት ቅጠሎቿ ረገፉ። ካሜራው ከልቡ አዘነ፤ ወደ ከተማም ሳይመለስ እዚያው አደረ።

በማግስቱ እምቡጧ ፈካች። ካሜራው የእህቷን ፎቶ አሳያት። አይታ አልጠግብ አለች። ቆይታ ግን የእህቷን ቅጠሎች ከራሷ ጋር አስተያየችና፣ «እህቴ አንድ ቅጠል ጎድሏታል፣» አለች።

ካሜራው በነፋሱ ሊያሳብብ ነበር፤ ተወው።

«እኔ ትእዛዝ ሳበዛ ነው የረገፈው፣» አላት።

አበባዋ ከጎኗ ወዳለች ሌላ እምቡጥ ዘንበል አለች። ከዚያ ነገ የምትፈካ ሌላ እህት እንዳለቻት ነገረችው፤ እሷን ከነሙሉ መልኳ እንዲያነሳትም ለመነችው። ጎንበስ ይበሉልኝ ልትለው ዞር ብትል፣ ካሜራው ቀድሞ ተንበርክኳል።

እናላችሁ፣ ትንሽን ነገር አሳምሮ ማየት የሚፈልግ አዛዥነቱን ቤቱ ትቶ ይምጣ። ተረቴን እዚህ አስቀመጥኳት፤ የወደዳት አንስቶ ይሂድ።