ክኒኑና ቅዳሴው

አንድ ነርስ በሩቅ ገጠር ጤና ጣቢያ ይሠራ ነበር። ስሙ ይርዳው ነው። ሐኪም ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ስለሆነ፣ የከበደ ነገር ሲገጥመው የሚያማክረው ሰው ይናፍቀዋል። ኋላ ግን እንደ እሱ ሩቅ ቦታ ያሉ የጤና ባለሙያዎች በቴሌግራም ተሰባስበው እርስ በርስ እንደሚማማሩ ሰማና ተቀላቀለ። ኔትወርክ ስለማይገኝ በየምሳ ሰዓቱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣል።

ይርዳውን የሚያሳስቡት አንድ ታካሚ ነበሩ፤ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ አዛውንት። የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ነው። አንዴ ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈዋል፤ ቢደገም ግን መትረፋቸው ያጠራጥራል። በመጡ ቁጥር "አባቴ፣ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ይዋጡ" ይላቸዋል። እሳቸውም ጎንበስ ብለው "እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። በወሩ ሲመጡ ግፊቱ ያው ነው። ጾም ሲገባማ ይብሳል።

አንድ ቀን ይርዳው ጉብታው ላይ ተቀምጦ፣ የሰውየውን ስም ሳይጠቅስ፣ "እምቢተኛ ታካሚ አለኝ። እሺ ይላል፣ አይውጥም። ምን ላድርግ?" ብሎ ጻፈ።

አንዱ "አስፈራራው" አለው። ሌላው "ልጆቹን ጥራና ንገራቸው" አለው። ከቆላ አገር የምትሠራ ሲስተር ወርቂቱ የምትባል ነርስ ግን፣ "ወንድሜ፣ ከታመመ ወዲህ ምን እንደናፈቀው ጠይቀኸዋል?" አለችው።

"ሲስተር፣ እኛ ጋ የናፍቆት መለኪያ አልመጣም" ሲል ቀለደባት።

"የግፊት መለኪያውን ማዳመጫ ከጆሮህ ላይ አውርድና ስማው፤ ያኔ ታገኘዋለህ" አለችው።

በቴሌግራሙ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀበት። እሱም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም።

አቶ ቢያድግልኝ ሲመጡ ወንበሩን ወደሳቸው አስጠጋ።

"አባቴ፣ ዛሬ ስለ ክኒኑ አልጠይቅዎትም። ከታመሙ ወዲህ የናፈቀዎት ነገር አለ?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"አትቆጣኝም?"

"አልቆጣም።"

"ቅዳሴ ናፈቀኝ፣ ልጄ። ይህን ክኒን የዋጥኩ ቀን ሽንት ያጣድፈኛል። ገና ወንጌል ሳይነበብ ከቅጽሩ እወጣለሁ። በቅዳሴ መካከል ወጥቶ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ከደጅ ቆሜ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከምቆምባት ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ አያለሁ። ስለዚህ ቅዳሴ ባለ ቀን ክኒኑን እተወዋለሁ። በጾም ደግሞ በየቀኑ ቅዳሴ ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? ዋጥ አልኸኝ፣ እሺ አልኩ። የተማረ ሰው ፊት እምቢ ይባላል?"

ይርዳው አንገቱን ደፋ። የሽማግሌው የሕክምና መዝገብ ላይም "እምቢተኛ" ብሎ የጻፈው በገዛ እጁ ነው።

በምሳ ሰዓት እንደገና ጉብታው ላይ ወጣ። የሰማውን ጻፈ። በቴሌግራሙ ካሉት አንድ ሐኪም፣ "የክኒኑ ሰዓት መዛወር ይችላል። መቋረጥ ግን የለበትም። ግፊቱን በየሳምንቱ ለካው" አለው። ሌሎች ሦስት ባለሙያዎችም "እኔም ጋ እንዲህ ያለ እምቢተኛ አለ፤ ነገ እጠይቀዋለሁ" ብለው ጻፉ።

ይርዳው አዛውንቱን አስጠርቶ "ሰዓቱን እርስዎ ይምረጡ" አላቸው።

"እኔ?"

"የቅዳሴውን መግቢያና መውጫ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ አይደለሁም።"

አቶ ቢያድግልኝም፣ "እንግዲያው ቅዳሴ ወጥቼ፣ ጠበል እንደጠጣሁ" አሉ።

ሳምንታት አለፉ። ጾሙ ገባ። ግፊቱም ቀስ እያለ ወረደ። አንድ ሰኞ አቶ ቢያድግልኝ ሳይጠየቁ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ። ይርዳው እየለካቸው "ትናንትስ እንዴት ነበር?" አለ።

"በቅዳሴው መጨረሻ 'እትዉ በሰላም' ሲባል" አሉ፣ "ውስጥ ነበርኩ።"

የታመመ ሰው መዳን የሚሻው ለአንድ ነገር ብሎ ነው። ያ የሚናፍቀው ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ከተጣላበት መድኃኒቱን ይተዋል። የሚናፍቀውን ከራሱ ከታማሚው በቀር ማንም አያውቀውም። ይርዳውም ባልደረቦቹን ባይጠይቅ ኖሮ ታካሚውን መጠየቅ አይማርም ነበር። እኛስ ለአባት ለእናታችን፣ ለልጆቻችን ይበጃቸዋል ያልነውን ስናዝ፣ ልባቸው ምን እንደሚናፍቅ የጠየቅናቸው መቼ ነው?