ቦራና የፋሲካው ገመድ

ተረት ተረት!

«የበሬ በረት» በሉኛ። እንዲህ በሞተ ድምፅ ከሆነማ በሬዎቹ አይወጡም። እንደገና! እሺ፣ አሁን ተሰማ።

ልጆች፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። አንተም ጠጋ በል፣ ሰሞኑን አለቃ ሆነ የተባልከው። ሰው ማሠራት ጀምረሃል አሉ። ዳር ዳር አትበል፣ እዚህ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥ። ተረቱ የልጆች ነው፤ አለቃም ቢሰማው አይታመምም።

በድሮ ጊዜ፣ ሰውና ከብት ባንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ዘመን፣ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ያኔ በሬ የሰው ቋንቋ ይሰማ ነበር። ሰው ግን የበሬ ቋንቋ አይሰማም ነበር። ይሄ ነገር ዛሬም ያለ ይመስለኛል።

ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም። ችኩል ነበር እንጂ። ቦራና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት። ዳለቻ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ለምለም ሳር አየ። ሳሩን አየና ገደሉን ሳያይ ቀረ። ቦራ ብቻውን ቀረ። ባንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ይህ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሽማግሌ በሬ ነበር። እሱ የሄደበት ትልም እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል። መንገደኛ እንኳ ቆም ብሎ «ይሄ የማን እርሻ ነው?» ይል ነበር። ቦራ ይህን ሲሰማ ጆሮውን ያርገበግባል። በሬ አይኮራም ያለው ማነው?

በዚያው በረት ቡሬ የሚባል ወይፈን አድጎ ነበር። ዥንጉርጉር፣ ጎረምሳ፣ ጉልበተኛ። ግን ቀንበር ጫንቃው ላይ አርፎ አያውቅም። ቦራን «አባባ» ይለዋል። ማታ ማታ ጎኑን ከጎኑ አስጠግቶ ይተኛል።

ዝናቡ እየቀረበ ነው። መሬቱ አልታረሰም። ካልታረሰ አይዘራም፤ ካልተዘራ የደምለው ልጆች መጪውን ዓመት ምን ይበላሉ? ደምለው ጨነቀው።

ጎረቤቱ ጥጋቡ ይህን አየ። የሰፈሩን የፋሲካ ቅርጫ የሚያሰባስበው ጥጋቡ ነበር። ቅርጫ ማለት፣ ለማታውቁት ልጆች፣ ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ በሬ አርዶ ሥጋውን የሚከፋፈልበት ነው። ሲከፋፈል የጥጋቡ መደብ ሁልጊዜ ከፍ ይላል ይባላል። እኔ አላየሁም።

ጥጋቡ ወደ በረቱ መጣና ቦራን ከቀንዱ እስከ ጭራው ቃኘው። ከዚያ ሻኛውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ።

«ወንድሜ ደምለው፣» አለ፣ «ይሄ በሬ አርጅቷል። ለፋሲካ ለቅርጫ ስጠን። እኔ በምትኩ አንድ ወይፈን እሰጥሃለሁ።»

ደምለው አሰበ። ብዙም አላሰበም። «ደግ ነው፣» አለ። «መጀመሪያ ግን ቦራ ቡሬን ሥራ ያስለምድልኝ። ቡሬ እርሻ እንደለመደ ቦራን ትወስደዋለህ።»

ጥጋቡ ደስ ብሎት ማሰሪያ ገመድ አመጣና በረቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። «ለፋሲካ ይሆነናል፣» ብሎ እየተሳሳቀ ሄደ።

ይህ ሁሉ ሲባል ቦራ የት ነበር? እዚያው ነበር። ገለባ እያኘከ ነበር። ማኘኩን ግን አቆመ።

በማግስቱ ደምለው ቦራንና ቡሬን ጠመደ። ጅራፉን ጧ አደረገና «ሂድ!» አለ።

ቦራ ወደ ቡሬ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ሂድ ሲልህ ተኛ።»

«ለምን አባባ?»

«መጀመሪያ ተኛ። ከዚያ ትጠይቃለህ።»

ቡሬ ተኛ። ቦራም አብሮት ተኛ። ደምለው ጮኸ፣ ገረፈ፣ እንደገና ጮኸ። በሬዎቹ ያመሰኳሉ። ድምፁ ሲዘጋ ፈታቸውና ወደ ቤቱ ገባ።

ጥጋቡ መጥቶ «በጅራፍ ካልሆነ በማባበል ነው፣» አለው። ደምለው አሞሌ ጨው ገዛ። በሬዎቹን ወንዝ ወስዶ አጠባቸው። ቀንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ፤ አንገታቸው ላይ ቃጭል አንጠለጠለ። ሰፈሩ ሊያያቸው ወጣ። «ደምለው በሬዎቹን ሊድር ነው እንዴ?» አሉ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ገመድ ግን ማንም አላወረደውም።

ቦራ ጨውን ላሰ። ጨው ጨው ነው፣ ምን ያድርግ! ልሶ ሲጨርስ ግን ቡሬን «ልጄ፣ ወደ ቀኝ ሲልህ ወደ ግራ ሂድ፣» አለው።

«ለምን አባባ?»

«መጀመሪያ ሂድ። ከዚያ ትጠይቃለህ።»

ቃጭሉ እየጮኸ፣ ቀዩ ጨርቅ እየተውለበለበ ወደ ግራ ሄዱ። ወደ ግራ ሲባሉ ወደ ቀኝ ሄዱ። ትልሙ እባብ የሄደበት መሰለ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። ያን ቀን ቦራ አንገቱን ደፍቶ ወደ በረት ገባ። ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ አድርጎ አርሶ፣ በስተርጅና ይህን ጠማማ ትልም በማውጣቱ አፈረ። ወይፈኑን እያጣመመው መሆኑም ሆዱን በላው። ግን ገመዱን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ፍርሃቱ ይመለስበታል።

ጥጋቡ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። «ነገሩ ገባኝ፣» አለ። «ችግሩ ቦራ ነው። ወይፈኑን ራስህ አሳየው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ቀንበሩ ሥር ግባ። እኔ እርፉን እይዛለሁ።»

ልጆች፣ አትሳቁ። ይልቅስ ሳቁ፣ እኔም ሳቄ መጣ። ደምለው ቀንበሩ ሥር ገባ! ባንድ ወገን ቡሬ፣ ባንድ ወገን ደምለው። ጥጋቡ እርፉን ጨበጠ። ደምለው ትንሽ እንደጎተተ ጫንቃው ተላጠ፤ ወገቡ ተንቀጠቀጠ።

«ቆይ፣ ልረፍ!» አለ።

ጥጋቡ ደግሞ ጅራፍ በእጁ ሲሆን እጁ አይታዘዝለትም። ሳያስበው ጅራፉ ተነሣ። ጧ! ደምለው ጀርባ ላይ አረፈ።

«ውይ፣ ይቅርታ! ልማድ ሆኖብኝ ነው፣» አለ ጥጋቡ።

ደምለው ቀንበሩን ጥሎ ሾላው ጥላ ሥር ወደቀ። ጥጋቡም ሥራ አለብኝ ብሎ ሹልክ አለ።

በመንገድ ማዶ ውባለም የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረች። አንድ በሬ ብቻ ነው ያላት። ያን አንድ በሬ ካንዱ ጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች ታርሳለች። በሬሽን አውሺኝ የሚላት እንጂ የሚሸሻት የለም፤ ከሷ በሬ ጋር የተጠመደ ወይፈን ሁሉ እርሻ ይለምዳል። ውባለም በቅል ውኃ ይዛ መጣችና ለደምለው ሰጠችው። እስኪጠጣ ጠበቀች። እስኪጠጣ መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው።

«አያ ደምለው፣ ይሄ ነገር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ቦራን ለፋሲካ ለቅርጫ ከተስማማሁ ወዲህ ነው፣ እትዬ ውባለም። ቡሬን ሥራ ካስለመደ በኋላ እሰጣለሁ አልኩ።»

«የት ቆመህ ነው ያልከው?»

«በረት ውስጥ።»

«ቦራስ?»

«ቦራማ እዚያው ነበር። ገለባውን ይበላል።»

ውባለም ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መቀነቷን ፈታ እንደገና እስክታስር ድረስ ሳቀች።

«አያ ደምለው፣ በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማለሁ። በሬ ላራጁ ያስተምራል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ቡሬ የለመደ ዕለት እኔ እታረዳለሁ ካለ፣ ምኑ ሞኝ ነው የሚያስለምደው? አንተ ብትሆን ታስለምድ ነበር?»

ደምለው የተላጠ ጫንቃውን ዳሰሰ። ቀንበር ምን እንደሚመስል አሁን ያውቃል። ቦራ ይህን ስንት ክረምት ተሸክሞለታል! ደምለው አፈረ። ማፈሩም ደግ አደረገ።

ወደ በረት ገባና «ቦራ፣ አላሳርድህም፣» አለ።

ቦራ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ገመዱን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ቃልህ ከአፍህ ወጣ እንጂ ገመዱ ከግድግዳው አልወረደም፣» አለች ውባለም ከበሩ ላይ ሆና።

ደምለው ገመዱን አወረደ። በማግስቱም ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ የቅርጫው ማኅበርተኛ በሙሉ በተሰበሰበበት፣ ገመዱን ለጥጋቡ መለሰለት።

«ቦራ አይታረድም። ዕድሜውን እስኪጨርስ በረቴ ውስጥ ይኖራል።»

ሰዉ ከት ብሎ ሳቀ። «ክርስትና ስታስነሣው ጥራን!» አሉት። ደምለው ፊቱ ቀላ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም።

ጥጋቡ ሊያለቅስ ደረሰ። «ሻኛው! ሻኛው ለእኔ ተብሎ ነበር!»

ደምለው ከቤቱ ሲደርስ ውባለም እየጠበቀችው ነበር። «አሁን ደግሞ ወይፈን በጭንጫ መሬት እርሻ አይጀምርም። ወንዙ ዳር፣ መሬቱ ከላላበት ጀምርለት። ጠዋት ሥራ፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ። ሽማግሌውንም አብረህ አሳርፈው፤ ያልደከመው ነው ለሰው የሚተርፈው።»

ደምለው እንዳለችው አደረገ። በሬዎቹን ወንዙ ዳር ጠመደ። «ሂድ!» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቡሬ ሊተኛ ጉልበቱን አጠፈ። እንደለመደው ነዋ!

ቦራ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። «ተነሥ ልጄ። ሂድ ሲልህ ሂድ።»

ቡሬ ሄደ።

«ድንጋይ ሲነካህ ቁም፤ አለበለዚያ ማረሻው ይሰበራል።»

ቡሬ ቆመ።

«ሲደክምህ ደግሞ ወደ እኔ ተደገፍ።»

ቡሬ ተደገፈ። ሽማግሌውን ከበደው፤ ግን አልገፋውም። ትልሙ መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ አለ። ቀጥሎ ቀና አለ። ፋሲካ ሳይደርስ፣ መንገደኛ ቆሞ «ይሄ የማን እርሻ ነው?» አለ። ቦራ ጆሮውን አርገበገበ። ቡሬም አይቶት አርገበገበ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ።

ማታ በረት ውስጥ ቡሬ «አባባ፣ ያኔ ለምን ተኛ አልከኝ?» አለ።

«ፈርቼ፣» አለ ቦራ። «የፈራ አያስተምርም ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ቡሬ ጎኑን አስጠጋና ተኛ።

ዝናቡ መጣ። መሬቱ ታርሶ፣ ተዘርቶ ጠበቀው። የደምለው ልጆች ጠገቡ።

ጥጋቡስ? ለማኅበርተኛው በሬ አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በዓሉ ደርሶ ገበያው ላይ የተረፈ በሬ ጠፋ። ሰዉ ደጁ ላይ ሲሰበሰብበት፣ የራሱን ፍየል እየጎተተ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው አንዲት ፍየል ተከፋፈለ! ለአንድ ቤት አንድ ጉርሻ ደረሰ። ጥጋቡ ሻኛ አገኘ እንዳትሉ፤ ፍየል ሻኛ የላትም።

ዓመታት አለፉ። ቦራ ማረስ አቆመ። ሥራ ባይሠራም ገለባው አልቀረበትም፤ ጨውም አልቀረበትም። ቡሬ ከእርሻ ሲመለስ ሽማግሌውን ጥላ ሥር ተጋድሞ ያየዋል። አንድ ቀን ቦራ በዕድሜው ሞተ። ደምለው አለቀሰ። ለበሬ አለቀሰ ብለው ሳቁበት፤ እሱ ግን ማልቀሱን አልተወም።

ከዚያ በበረቱ ሌላ ወይፈን ደረሰ። ደምለው ከቡሬ ጋር ጠመደው። ልማድ ክፉ ነው፣ እጁ ወደ ጅራፉ ሄደ። ወዲያው ቡሬ ወደ ወይፈኑ ጆሮ ጎንበስ ሲል አየ። ደምለው የሰማው የበሬ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እኛ ግን ምን እንዳለው እናውቃለን።

«ሲደክምህ ወደ እኔ ተደገፍ፣» ነበር ያለው።

ወይፈኑ ተራመደ። ደምለው ጅራፉን አጥሩ ላይ ሰቀለው።

ቡሬን እንዲህ አስተምር ያለው ሰው አልነበረም። የቦራን እርጅና አይቶ ነው። ስለዚህም በዚያ አገር እንዲህ ተብሎ ቀረ፦ «ሽማግሌው ሲጦር ያየ ወይፈን ቀንበር አይፈራም።»

አንተ አለቃው፣ መሥሪያ ቤትህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ትዝ አለህ እንዴ? ካለ ሂድና አውርደው። ቃጭሉና ቀዩ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ተረቴን በረት አስገቡ፣ ለአፌ ቆሎ አቅርቡ። እኔንም አርጅቷል ብላችሁ ለቅርጫ እንዳታስቡኝ፤ ጆሮዬ ገና ይሰማል።