የእትዬ ድንቄ ጣሳና የፔቱኒያዋ ዘር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። ድሮ ድሮ፣ ዕቃው ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ እትዬ ድንቄ ደጃፍ ላይ አንድ የዘይት ጣሳ ነበር። ዘይቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ጎኑም ዝጓል። እትዬ ድንቄ አፈር ሞሉበትና እንዲህ አሉት፦

«ስማኝ፤ እህቴ የፔቱኒያ ዘር ልካልኛለች። አበባዋ አጭር፣ ድንቡሽ ያለች፣ በዕቃም በአጥር ጥግም የምታምር ናት አሉ። ካበቀልክልኝ ደጄ ላይ ትኖራለህ። አለዚያ ለቆራሌው ነው የምሰጥህ!»

ጣሳው ክው አለ። ቆራሌው የወሰደው ጣሳ ተጨፍልቆ እንደሚቀር ያውቃላ!

እትዬ ድንቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ባቄላ መትከል ነው። ዘሩን ቆንጠር አድርገው፣ በጣታቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ጣሳው ጠበቀ፣ ጠበቀ። ምንም የለም።

«አንተ አፈር፣ ምነው ዘሩን ዋጥከው?» አለ ጣሳው።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ አፈር። «ብናኝ የምታክል ፍሬ ላይ ይህን ሁሉ አፈር ጫኑባት። ብርሃን፣ ብርሃን እንዳለች ቀረች።»

ጣሳው ይህንኑ ለእትዬ ድንቄ ነገራቸው። እሳቸውም «ወይ ጉድ! ጣሳም መካሪ ሆነ?» አሉና ሁለተኛውን ቁንጥር ከላይ በተኑት። ጎሽ! ግን ምን ዋጋ አለው? በማንቆርቆሪያ ውሃ ለቀቁበት። ዘሩ ተንሳፎ በጣሳው አፍ ወረደ፣ ሄደ።

አሁን የቀረው አንድ ቁንጥር ብቻ ነው። ጣሳው ፈራ ተባ አለና ኋላ ጨከነ።

«እትዬ፣ ሥሬን በሚስማር ይብሱኝ። ዘሯን ከላይ በትነው በመዳፍዎ ጫን ያድርጓትና ውሃ ባለበት ሳፋ ያስቀምጡኝ። አፈሩ ከታች ይጠጣል፤ እሷም አትነቃነቅም።»

«ከተበሳህ ሌላ ነገር አትይዝም እኮ!»

«ይሁን፤ እሷን ልያዝ።»

በሱት። ዘሯም በቀለች! ግን ቀጥ ብላ ወደ ላይ ብቻ ተመዘዘች። ይህን ያየች ፍየል መጣችና አናቷን ቀጨም አደረገችው።

«አለቀልኝ!» ብለው እትዬ ድንቄ ራሳቸውን ያዙ። ወዲያው ከመንገዱ «ቆራሌው! ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ና ውሰድልኝ!» ሲሉ፣ ከጣሳው ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«እትዬ፣ ይታገሡኝ። ፍየሏ አናቴን እንጂ ሥሬን አልነካችም። ወደ ላይ ስሮጥ ጎኔን ረስቼው ነበር፤ አሁን በጎን እሰፋለሁ።»

እትዬ ድንቄ ተነፈሱ፤ «ዛሬስ ሂድ» ብለው ቆራሌውን ሸኙት።

በሌላ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ደጃፉ ወይን ጠጅ አበባ ለብሷል። ፔቱኒያዋ ከየጎኗ ቀንበጥ አውጥታ ድንቡሽ ብላለች።

«እትዬ፣ ያ ጣሳ አይሸጥም?» አለ ቆራሌው።

«የትኛው ጣሳ?» አሉ እትዬ ድንቄ። አበባው ዝገቱን ሸፍኖት እውነትም አይታይም ነበር። «ይሄ የአበባዬ ቤት ነው። ሰው ቤቱን ለቆራሌው ይሸጣል እንዴ?»

ጣሳው ይህን ሲሰማ ደስታው ከአፉ ሊፈስ ደረሰ።

የተቀበረ ሁሉ አይበቅልም፤ የተቀጨም ሁሉ አይደርቅም። እኔ ተረቴን በተንኩላችሁ፤ እናንተ ደግሞ አደራ፣ እንዳትቀብሩት።