ቁልቁለቱን የገታችው ልጅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የመኪና አሰልጣኙ፣ መኪናዋን ጥግ አስይዘው። ተማሪያቸው፣ «ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው እዚህ ኮረኮንች ላይ በሁለተኛ ማርሽ የምንንፏቀቀው? ፍጥነት መቼ ነው የሚያስተምሩኝ?» ብሎ ጠይቋቸው ነው። ችኩል ሰው አይወዱም፤ ጥያቄ ግን ይወዳሉ።

«አንድ ሰው ነበረ። ፒካፕ ነበረው፤ የማይለቀው አመልም ነበረው። ቁልቁለት ሲደርስ ማርሹን ባዶ አድርጎ መኪናዋን ይለቃታል። ነዳጅ ቆጠብኩ ባይ ነው። እንደሱ ያለ ሞልቷል፤ ምናልባት አባትህም እንደዚያው ናቸው፣ አትቀየመኝ።

«ሰውየው ገና አሥራ ስምንት ሞልቷት መንጃ ፈቃድ ያወጣች ልጅ ነበረችው። ያስተማሯት ሽማግሌ እንደኔ ክፉ ነበሩ። ጠዋት ማታ ጠጠራማ ቁልቁለት ያስወርዷታል፤ ፍሬን መንካት የለም፣ በዝቅተኛ ማርሽ ብቻ። ከነካች እንደገና ወደ ላይ ነው። በንዴት አልቅሳ ታውቃለች።

«የወንድሟ ሠርግ ደረሰ። አባትየው እግሩን ታሞ ስለነበር መሪውን ለእሷ ሰጣት። እሱ ከጎኗ፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከኋላ ሆነው፣ ሙሽሪትን ከወንዝ ማዶ ሊያመጡ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ። አባትየው ማርሹን አውጪው አላት። አንገራገረች። ተቆጣ። በሠርግ ቀን ከአባት ጋር ማን ይሟገታል? አወጣችው።

«መኪናዋ ፈጠነች። ልጅቷ ፍሬን ላይ ቆመች ማለት ይቻላል። ፍሬኑ ግሎ መሽተት ጀመረ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፣ የሚይዝ ነገር ጠፋ። ከፊት መታጠፊያ አለ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል። ሚዜዎቹ ዘፈኑን አቆሙ። አባትየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጅቷ ግን ፍሪሲዮኑን ረግጣ ነዳጅ ሰጠችና ሦስተኛ አስገባች። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ልጓም እንደተሳበባት በቅሎ ገታ አለች። ቀጥላ ሁለተኛ። መታጠፊያውን መሪውን ሳታወዛውዝ ዞረችው፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበች በተራራው በኩል ጠጠሩ ላይ አቆመቻት።

«መጀመሪያ ድምፅ ያወጣው ሙሽራው ነው። ወንዱ ሰው፣ ከነሱፉ፣ እልል አለ! ሚዜዎቹ ልጅቷን በትከሻቸው ተሸክመው አስፋልቱ ዳር ጨፈሩላት። አባትየው እያነከሰ መጥቶ ግንባሯን ሳማትና፣ ‹ልጄ፣ በመኪና ነገር ከእንግዲህ አንቺ እዘዢኝ› አላት። ፍሬኑ እስኪበርድ ቆይተው በአንደኛ ማርሽ ወረዱ፤ ሙሽሪትም፣ ቢመሽም፣ በዘፈን መጣች።»

አሰልጣኙ ወደ ተማሪው ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ ልጅ አንተ ነህ፤ ገደሉም አንድ ቀን የሚገጥምህ ነው። ያኔ ጭንቅላት አያስብም፤ የለመደ እግር ነው የሚያስበው። መሮጥን ቁልቁለት ለማንም በነፃ ያስተምራል። እኔ የማስተምርህ መግታትን ነው፤ ያን ቀን ከኋላህ እልል የሚልልህ ሰው እንዲተርፍ።»