በየማለዳው የምትገፋው መኪና

አንድ አበጋዝ የሚባል ሰው ያገለገለች መኪና ገዛ። ሳምንት ሳይሞላት ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለችው፤ ስትነሳም ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ሞተሩን የሚለኩሱት ካንዴላዎች በጥላሸት ተለብጠዋል፤ ባትሪውም ደክሟል። ሳይብስባት አሠራት» አለው። አበጋዝ ግን ለወንበሮቿ ቀይ ልብስ አልብሶ፣ መስታወቷ ላይ ዶቃ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ነዳት።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ማለዳ የሚጀምረው «ኧረ ግፉልኝ!» በሚል ጩኸት ሆነ። ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ጎረቤቱ ጋሽ ደምሰው ነበሩ። ጭቃዋ እየተረጨባቸው፣ ጭሷን እየጠጡ ይገፋሉ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አሠራት!» ሲሉት፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ተነሳች አይደል እንዴ፣ ጋሼ!» ይላል።

ጋሽ ደምሰው አንጀታቸው እያረረ ይመለሳሉ። በማግስቱ ሲጠሩ ግን ያው ይወጣሉ። ጎረቤት ሲጣራ ዝም ማለትን አያውቁበትም።

የአበጋዝ ልጅ ስምረት አገር አቀፍ ፈተና የምትቀመጥበት ቀን መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ገፋ። መኪናዋ አንዴ አስነጠሰችና ጭጭ አለች።

«ጠንከር አድርጋችሁ ግፉ እንጂ! ቁርስ አልበላችሁም?» ብሎ አምባረቀ አበጋዝ።

ይሄኔ የጋሽ ደምሰው ትዕግሥት ተሟጠጠ። የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው ደበደቡት።

«አታፍርም? ዓመት ሙሉ ያልነካኸውን ሞተር እኛ በጉልበታችን እናድንልህ? ልጅቷን አውርዳት፤ በእግሯ ትሩጥ!»

ስምረት ሮጠች። ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር።

እያለቀሰች ስትመለስ አባቷ የመኪናዋን ሻጭ ይራገማል፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ይራገማል፣ ጎረቤቱን ይራገማል። ጋሽ ደምሰው ግን ከእርሱ ይልቅ በራሳቸው ተናደው ነበር።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። «አባትሽ መኪናዋን አላሠራም። እኔም እንዳያሠራ በየማለዳው ገፋሁለት።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አበጋዝ ቢጮህም የሚወጣለት ጠፋ። መኪናዋም በሳምንቱ ጋራዥ ገባች። ለስምረት ግን ዓመቱ አልፏል።

ወዳጆቼ፣ መኪና የቆመበትን ሰው አንዴ መግፋት ደግነት ነው። ሊያስተካክለው የሚችለውን ጥፋት በየቀኑ እየገፉ ማሳለፍ ግን ጥፋቱን መቀለብ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ምንም ያላጠፋው ነው። እናንተስ ውስጣችሁ እየበገነ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ፣ ዛሬም የምትገፉት ማንን ነው?