ግራዝማች ይርዳውና የሸንኮሪት ድልድይ

«አራት ዓመት ሙሉ! አንዲት ቃል እንኳ?» እያሉ ባሻ ጥላዬ በከዘራቸው መሬቱን ሲደበድቡ፣ ዛሬ የሸንኮሪት ሰው ሁሉ የሚተርታት ተረት ገና አልተወለደችም ነበር። የተወለደችው በዚያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ጠብ መሐል ነው።

የሚጮኹባቸው ግራዝማች ይርዳው የወረዳው እንደራሴ ናቸው። የፓርላማ ዘመናቸውን ጨርሰው ከአዲስ አበባ ገና መመለሳቸው ነበር። እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

አዋላጇ ያየሽወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጣ ታዳምጣለች። የሸንኮሪት ወንዝ ክረምት ሲሞላ ሰው አያሻግርም። ባለፉት ሁለት ክረምቶች እሷ በዚህ ዳር ቆማ፣ ማዶ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ሲሞቱ እሪታውን ሰምታለች። አሁን ክረምት ሊገባ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ማዶ የተዳረችው የእኅቷ ልጅ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

የድልድዩ ነገር ከጥንትም በሁለቱ መንደሮች መካከል ጠብ አላጣውም። ላይ አምባ «በዋርካው በኩል ይሠራ» ይላል፤ ታች አምባ «በአለቱ በኩል ካልሆነ» ይላል። ምርጫ የመጣ ጊዜም ላይ አምባ ያቀረበውን ታች አምባ፣ ታች አምባ ያቀረበውን ላይ አምባ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ፣ ማንንም አስቀይመው በማያውቁት በግራዝማች ይርዳው ተስማሙ። ግራዝማች ለሽምግልና ሲቀመጡ እንኳ ለከሳሹም ለተከሳሹም ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሰው ነበሩ። ያየሽወርቅም ያኔ እልል ብላ መርጣቸዋለች፤ ይበልጥ የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

«ለመሆኑ አዲስ አበባ ስለ ድልድዩ ጠየቁዎት፣ ግራዝማች?» አለች ከተቀመጠችበት።

«ጠየቁኝ።»

«ምን ብለው?»

«‹የት ይሠራላችሁ?› ብለው።»

«እሺ?»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በዋርካው ብል ታች አምባ ይቀየመኛል። በአለቱ ብል ላይ አምባ ይቀየመኛል። የመረጣችሁኝ ማንንም ስለማላስቀይም አይደለም እንዴ? ዝም አልኩ። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደጋግሜ ዝም አልኩ። በኋላ ድልድዩን ለጎረቤት ወረዳ ሰጡት።»

«ለእነሱ?» አለ የላይ አምባው ሸዋንግዛው። «የእነሱ ወንዝ እኮ ፍየል የምትዘለው ነው!»

«እነሱ አፍ አላቸዋ!» አለች ያየሽወርቅ።

ከዚያ ጠቡ እንደገና ተቀጣጠለ።

«ሌላ ሰው ይመረጥ!»

«ከላይ አምባ ይሁን!»

«እኔ ሞቼ ነው ከላይ አምባ የሚሆነው!» አሉ የታች አምባው ባሻ ጥላዬ።

«እንግዲያው ከታች አምባ ሲሆን እኔም አስቀድሜ ልሙት!» አለ ሸዋንግዛው።

ሲጯጯሁ ቆይተው አንዱ ከኋላ፣ «የግራዝማች ታናሽ ወንድም፣ አቶ አድማሱስ?» አለ።

ጩኸቱ በረድ አለ። ባሻ ጥላዬ ከዘራቸውን አሳረፉ። «እሱስ መልካም ሰው ነው። ማንም አይቀየመውም።»

«ከወንድሙም ይብሳል፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው» ብሎ ሸዋንግዛው ተስማማ። በዚያ ቀን ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ያየሽወርቅ እያንዳንዱን በየተራ አየች። ተነሥታ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ወደ ቤቷ በሚወስደው ሳይሆን ወደ አዲስ አበባው የመኪና መንገድ በሚያወጣው ቁልቁለት ወረደች። ሰዎቹ የአቶ አድማሱን ደግነት እያነሡ ይጥሉ ነበርና ወዴት ነሽ ያላት የለም።

ከደጀ ሰላሙ ሆነው ሁሉን ይመለከቱ የነበሩት ሽማግሌው አለቃ ክንፉ ግን ነጠላዋ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ቆዩና፣ ፊታቸውን ወደ ጉባኤው ሳይመልሱ እንዲህ አሉ፦ «ዝምተኛ የላከ አገር፣ ራሱ ሄዶ ይናገር።»